ሦስተኛው ልመና

ሳሙራዩ ሰይፉን ሲመዝ ቤቱ በፉጨት ይናጋል።

«ዘራፍ!» ይላል ሙንዲር ማይኩን ከንፈሩ ላይ ለጥፎ። «የአባቱን ደም ለነገ የማያሳድር፣ ዘራፍ!»

የፊልም ቤቱ ባለቤትም አስተርጓሚውም ሙንዲር ነው። ጃፓንኛ እንኳን ሊችል ጃፓን በየት በኩል እንደሆነች ጠይቆ አያውቅም። የጅጋ ገበያተኛ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እህሉን ሸጦ የሚገባው ለእሱ አፍ ነው። በእሱ አፍ ሲነገርለት ሳሙራዩ የጎረቤት ልጅ ይሆናል።

አንዷለም አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ከበሩ አይነቅልም። ፊልሙን በቃሉ ያውቀዋል። ወንድሙ ሀይሉ በእርሻ ድንበር ጠብ ከተገደለ ወዲህ እዚህ እየመጣ ገዳዩን ገነነን በጃፓን ሰይፍ ስንት ጊዜ እንደቆረጠው ልቡ ያውቃል። ሲወጣ ቀለል ይለዋል፤ ከከተማው ሳይወጣ ግን ነገሩ ይመለስበታል።

አሁን ገነነ እስሩን ጨርሶ ወጥቷል። የገነነ አባት አያ ይስማው ለእርቅ ሽማግሌ ይዘው ሁለት ጊዜ መጡ፤ አንዷለም ሁለቱንም ጊዜ «አይሆንም» ብሎ መለሳቸው። ወጉ ነው። በመጀመሪያው ልመና እሺ ያለ ሰው ሟቹን አረከሰ ይባላል፤ በሁለተኛው እሺ ያለም ከሐሜት አያመልጥም። አንገት ደፍቶ እሺ የሚባለው በሦስተኛው ነው።

ሦስተኛው ዛሬ ነው፤ አንዷለምም እሺ ሊል ቆርጧል። ጠመንጃ ተንተርሶ መተኛት፣ ውሻ በጮኸ ቁጥር መነሳት መሮታል። እናቱም «አንዱን ቀብሬያለሁ፤ ለሌላው ደግሞ እስር ቤት ስንቅ አላመላልስም» ብላዋለች። ለማንም አልተነፈሰም እንጂ ልቡ ከታረቀ ሰንብቷል። ታዲያ ቤት ቁጭ ብሎ መጠበቅ የጓጓ ያስመስላል። ስለዚህ እንደ ወትሮው ፊልም ቤት ገባ፤ ፈልገው ይምጡ ብሎ።

የበሩ መጋረጃ ይገለጣል። አያ ይስማው በትራቸውን ይዘው፣ በጨለማው እየተደናበሩ ይገባሉ። አብረዋቸው የመጡት ቄስ ቴዎፍሎስ «እኔስ ከዚህ ቤት እግሬን አላስገባም» ብለው ደጅ ቀርተዋል። ሽማግሌው አንዷለምን ፈልገው አጠገቡ ይቀመጣሉ።

«እንደምን ዋልህ ልጄ?»

«እግዜር ይመስገን» ይላል ፊቱን ሳያዞር። ፊት አለማዞሩም ወግ ነው።

አያ ይስማው ጉሮሯቸውን ሲጠራርጉ ሙንዲር ያቅራራል። «እስቲ ይኸ ይለፍ» ይላሉ። ፊልም አይተው አያውቁም።

«ይኸ ልጅ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚንቀጠቀጠው?»

«አባቱን ገድለውበት ነው።»

«ውይ! ሽማግሌስ የለ በአገሩ?»

«ቢኖርም ፊልሙ ውስጥ አላስገቡትም» ይላል አንዷለም፤ ሳያስበው ሳቁ ሊያመልጠው ነው።

በፊልሙ ገዳዩ የሟቹን መቃብር ይረግጣል። የልጁን እናት ገፍትሮ ይጥላታል። አያ ይስማው ወደ ፊት ሰገግ ይላሉ። «ይኸስ ግፍ ነው» ይላሉ ለራሳቸው። በትራቸውን ጠበቅ አድርገው ይይዛሉ። ልመናውን የረሱት ይመስላል፤ አንዷለምም አልቸኮለም።

በመጨረሻ ገዳዩ ይያዛል። ተንበርክኮ እጁን ይዘረጋል። ሙንዲር ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማረኝ፣ የልጆች አባት ነኝ ይላል» ብሎ ያስተረጉማል።

«በለው!» ይላል ቤቱ።

«በለው! ምን ትጠብቃለህ፣ በለው!» የሚል ሻካራ ድምፅ ከሁሉም በላይ ይወጣል።

አንዷለም ዞር ይላል። አያ ይስማው ከአግዳሚው ተነስተው በትራቸውን ሽቅብ ይዘዋል። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ሰይፉ ሲወርድ ቤቱ በጭብጨባ ይደበላለቃል፤ እሳቸው ቀስ ብለው ይቀመጡና በጋቢያቸው አፋቸውን ይሸፍናሉ።

አንዷለም ለመጀመሪያ ጊዜ ሽማግሌውን ይወዳቸዋል። እኔንም እንዲሁ ነው የሚያደርገኝ ሊላቸው ያምረዋል። እሺታው ምላሱ ላይ ነው፤ እስኪጠይቁት ብቻ ይጠብቃል።

«ልለምንህ ነበር የመጣሁት» ይላሉ።

«አውቃለሁ።»

«ሰውየው ተንበርክኮ ነበር እኮ። ማረኝ እያለ እኔ በለው አልሁ። አንተ እንኳ ዝም ብለህ ነበር።»

«ፊልም እኮ ነው አያ ይስማው።»

«አፉ ግን የኔ ነው።» በትራቸውን ተደግፈው ይነሳሉ። «በዚሁ አፌ ልጄን ማርልኝ ብል እግዜርስ ይሰማኛል? ያንተ ሐዘን ዛሬ ገና ገባኝ ልጄ። ከእንግዲህ አልለምንህም።»

አንዷለም አፉን ይከፍታል። ይለምኑኝ ሊል ነው? ወንድሙ የተገደለበት ሰው ለምኑኝ ሲል በአገሩ ተሰምቶ አያውቅም። ተከትሎ ቢወጣስ ነገ ሰዉ ሁሉ ወንድሙን አረከሰ አይለውም? ይህን ሲያሰላስል መጋረጃው ተመልሶ ይወድቃል።

«እህስ፣ ምን አለ?» ይላሉ ቄስ ቴዎፍሎስ ከደጅ።

«አልጠየቅሁትም። እንሂድ አባ።»

ኮቴያቸው ከገበያው ጫጫታ ጋር ይቀላቀላል። ቤቴ ቁጭ ብዬ ብጠብቃቸው ምን ነበረበት፣ ይላል አንዷለም በልቡ። ሙንዲር ለአዲስ ገቢዎች ፊልሙን ከመጀመሪያው ይጀምረዋል።

«እሺ» ይላል አንዷለም፣ ሽማግሌው ወደ ተነሱበት ቦታ እያየ።

ከፊቱ የተቀመጠው ገበያተኛ ዞር ብሎ ያየዋል።

«እኔን ነው?»