ቢጫው ክላሰር

ነገሩ የሁለት ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ ብር ጉዳይ ነበር፤ ሁለት ሺህ ጥንድ ጫማ፣ ጥንዱ በሺህ ሁለት መቶ። የትልቁ መደብር ሥራ አስኪያጅ ትእዛዙን የሚፈርመው ጫማ ቤቱ በታወቀው መጽሔት ሽፋን ላይ ከወጣ ብቻ እንደሆነ ቁርጡን ተናግሯል።

የጫማ ቤቱን ጌታ ሠራተኞቹ በሌለበት «ጋሼ ሂሳብ» ይሉታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሱ ይህን አያውቅም። ከመጽሔቱ ሲደወል ስልኩን ያነሳው ራሱ ነበር። ጋዜጠኛዋ ከእነዚህ ጫማዎች ጀርባ ያለውን ጭንቅላት ሽፋን ላይ ልታወጣ እንደምትፈልግ ነገረችው። ቀጠሮ ለመስጠት ደቂቃ አልፈጀበትም።

ሐሙስ ጠዋት ለልጁ ሠርግ የገዛውን ሙሉ ልብስ ለበሰ፤ በሰባት ዓመት ውስጥ ሲለብሰው አራተኛ ጊዜው መሆኑ ነው። ሚስቱ እንደ ወትሮዋ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ ጓዳ ካለው ጠረጴዛ ላይ አጎንብሳ የጫማ ቅድ ትሥላለች። ለእንግዶቹ ሻይ እንድታፈላ አዘዛት።

«እኔ ሥራ አለኝ፤ አንተው አፍላ» አለችው።

ጋዜጠኛዋ ከፎቶ አንሺ ጋር ሁለት ክላሰር ይዛ መጣች፤ አንዱ ቀጭን ቢጫ፣ አንዱ ወፍራም ሰማያዊ። «ጋሼ፣ ከአጭሩ እንጀምር» ብላ ቢጫውን ገለጠች። ሥራ ሲበዛ ልጆቹን ማን ይይዝ እንደነበር ጠየቀችው። ምግብ ያበስል እንደሆነ። ቁመናውን በምን እንደሚጠብቅ። ቦርጩን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገ።

«ዝና ለትዳር አይከብድም?»

«እኔ ለምጄዋለሁ። የሚከብደው ለእሷ ነው።»

ጋዜጠኛዋ ፈገግ ብላ ጻፈች።

በዚያ መጽሔት ላይ ሴት ተዋንያን እንዲህ ሲጠየቁ ሃያ ዓመት ሙሉ አንብቧል፤ አንድም ቀን ቅር ብሎት አያውቅም። ዛሬ ለራሱ ሲደርስ ቅር አለው። ግን ጊዜው ተለውጧል ብሎ ዋጠው። ጥያቄው አሥራ አንድ ነው፤ ትእዛዙ ለአሥራ አንድ ሲካፈል እያንዳንዱ መልስ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ያወጣል። በዚህ ዋጋ እንኳን ስለ ቁመናው ስለ ቅንድቡም ያወራል። ፎቶ አንሺው ሽርጥ አስሮ ማማሰያ እንዲይዝ ሲለምነውም እሺ አለ።

በሃያ ደቂቃ አለቀ።

ያስጨነቀው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጋዜጠኛዋ ሰማያዊውን ክላሰር ይዛ ጓዳ ገባች፤ ፎቶ አንሺውም ተከተላት። ከሚስቱ ጋር ሦስት ሰዓት ቆዩ። ሳቅ ይሰማል። ማንኮራፋቱንም፣ ሰው ሠራሽ ጥርሱንም፣ የሻይ ቅጠል ሁለት ጊዜ ማፍላቱንም እየዘከዘከች እንደሆነ አልተጠራጠረም። ሁለት ሚሊዮን በአንዲት ሴት ምላስ ሲጠፋ ታየው።

እራት ላይ አላስችል አለው። «ስለ እኔ ምን አልሻት?»

«ስላንተ አልጠየቀችኝም።»

የደበቀችው ነገር ቢኖር ነው ብሎ ሳምንት ሙሉ አኮረፋት። ቢሆንም ለደንበኞች የሚታደል አርባ ቅጂ አዝዞ አስቀድሞ ከፈለ።

መጽሔቱ ወጣ፤ ትእዛዙም በዚያው ቀን ተፈረመ። ጋሼ ሂሳብ አርባውን ቅጂ ፊቱ ከምሮ ሂሳቡን ዘጋ።

ትርፍ፣ ሁለት ሺህ ጥንድ፤ ኪሳራ፣ የአርባ ቅጂ ዋጋ፣ ገጽ ሠላሳ አራት ላይ ማማሰያ የያዘ አንድ ባል፣ ሽፋኑ ላይ ደግሞ እርሳስ ጆሮዋ ላይ የሰካች ሴት።