አሮጌው ሞተር

አሮጌዋ ቪትዛችን ባለቤቴን ሸዋወርቅን ለኩላሊት እጥበት ከመቂ አዳማ የምታመላልስ ናት። አምና ሞተሯ ደክሞ በሌላ ሲለወጥ፣ መካኒኩ አሮጌውን እንደ ወጉ አስረከበኝና ዕቃ ቤት አኖርሁት። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ አንድም ቀን አላስቸገረችን፤ ልቤ ግን አላረፈም፤ መንገድ ላይ ደጋግሜ እየወረድሁ አያታለሁ።

ዛሬ ከኪዳን ጸሎት በመኪናዋ ተመልሼ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ ሸዋወርቅን አሳፈርሁ። አሮጌ ብረት የሚገዛው አብዱልሃኪም በቀጠሯችን መሠረት መጥቶ ዕቃ ቤት ገባና ወዲያው እጁን እያራገበ ወጣ።

«መሪጌታ፣ ሞተሩ ከመኪና የወረደው መቼ ነው?»

«አምና።»

«ታዲያ ማን ጥዶት ነው? እጄን ለበለበኝ እኮ።»

ገብቼ ብዳስሰው ይፋጃል። አማትቤ ወጣሁና የመኪናዋን ኮፈን ከፈትሁ። እየሠራ ያለው ሞተር በረዶ ነው።

አብዱልሃኪም ዕቃ ቤት ተመልሶ አሮጌውን በጨርቅ ይዞ ጎተት ሲያደርገው መኪናዋ ተንገጫግጫ ጠፋች።

«ኧረ መሪጌታ፣ ረፈደ» አለች ሸዋወርቅ ከውስጥ፤ «ተራዬን ለሌላ ይሰጡብኛል።»

«ቦታው መልሰው» አልሁት አብዱልሃኪምን።

መለሰው። ቁልፉን ማንም ሳይነካ መኪናዋ ተነሣች።