ሰው ለማይደርስበት ቦታ የሚሆን ቢላ

ሰኞ ዕለት ቺሆ ክፍል ፊት ቆማ ስታወራ እግሯ አልተንቀጠቀጠም። ባለፈው ዓመት ስሟ ሲጠራ እንኳን «አቤት» ማለቷ የማይሰማ ልጅ ነበረች።

«የምትወዱት ሰው ካሳሰባችሁ ጠይቁት» አለች። «ደህና ነህ ወይ ማለት ምን ያሳፍራል? የሚያሳፍረው ዝም ማለት ነው።»

ክፍሉ አጨበጨበ። ከኋላ አንዱ «ይቺ ልጅ ባትሪ ቀየረች እንዴ?» ብሎ ሁሉንም አሳቀ። ቲቸር ኢጋራሺ ግን እንባ እንባ አላቸው።

ማታ እራት ላይ ቺሆ አባቷን ሰረቅ አድርጋ አየችው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤት ውስጥ ብዙም አይናገርም። ሰሞኑን ግን ያፏጫል። ያስፈራት እሱ ነው። የዓሣ ማጥመጃ ዘንጎቹን በሙሉ ለጎረቤት ሰጥቷል፤ «ከእንግዲህ ምን ያደርጉልኛል» ብሎ። የጋዙ መዝጊያ የት እንዳለ አሳይቷታል። ባንክ በፊርማ ፋንታ የሚጠይቀው የቤተሰቡ ማህተም የተቀመጠበትን መሳቢያም አሳይቷታል። የአንድ ሰው ድንኳን ገዝቶ ሳሎን ውስጥ ዘርግቶ አይቶታል።

እናቴን ተከትሎ ሊሄድ ነው፣ ብላ አሰበች።

አፏን ከፈተች።

«አባዬ…»

«እ?»

«ሾርባው ጨው በዛበት?»

«ኧረ ጥሩ ነው» አለና ጭልጥ አድርጎ ጠጣው።

ሐሙስ ከትምህርት ስትወጣ አባቷ በር ላይ ጠብቋት አብረው ቢላ ሊገዙ ሄዱ። ሻጩ አቶ ኦኖዙካ ቢላ ሲቀጠቅጡ ያረጁ ሰው ናቸው።

«ለምንድነው የፈለግኸው?» አሉት።

«ጫካ ለማደር። ብቻዬን ነኝ።»

«የት ጋ?»

«ከግድቡ ማዶ። ሰው የማይደርስበት ቦታ ነው የምፈልገው።»

«በዚህ ብርድ? በረዶ ሊጥል እኮ ነው!»

«እሱማ ነው ደስ የሚለው።»

«ስንት ቀን ልትቆይ?»

አባቷ ፈገግ አለ። «እስኪበቃኝ።»

ቺሆ የአባቷን እጅጌ ያዘች።

አቶ ኦኖዙካ ሦስት ቢላ ደረደሩ። «ይቺ ታጣፊዋ ፖም ለመላጥ ነች። ማጠፊያዋ ላይ እንክት ስትልብህ ተራራውን ትሰድባለህ። ይሄ ወፍራሙ አይዝግም፣ ግን ሰነፍ ነው። ይሄኛው ግን…» ብለው ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ የሚዘልቀውን አነሱና አንድ ቁራጭ እንጨት ዳበስ አደረጉበት። እንደ ወረቀት የሳሳ ልጣጭ ተጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። «ይዝጋል፤ እያደረቅህ መያዝ ነው። ስለቱ ግን ሁለቴ አያለፋህም፤ ዝናብ ቢመታህ እንኳን የረጠበውን ልጠህ እሳት ታነድበታለህ።»

«አንዴ ሲነካ የሚቆርጥ! እሱን ነው የምፈልገው» አለ አባቷ፣ አውራ ጣቱን ስለቱ ላይ በቀስታ እያሳለፈ።

ቺሆ ወደ ሽማግሌው ዞረች። ክፍል ውስጥ ያገኘችውን ድምፅ አወጣች።

«አባባ፣ ብዙ የማይቆርጥ የለም?»

«ብዙ የማይቆርጥ ቢላ?» አቶ ኦኖዙካ ከት ብለው ሳቁ። «ታዲያ ማንኪያ ግዢለታ!»

አባቷም እስኪያስለው ሳቀ።

መንገድ ላይ ቺሆ እንደገና ሞከረች። «አባዬ፣ ደህና…»

«ምን አልሽ?»

«ደህና ቢላ ነው።»

«በጣም እንጂ» አለ አባቷ፣ ፉጨቱንም ቀጠለ።

አርብ ከእራት በፊት አባቷ ገላውን ሊታጠብ ገባ። ቺሆ ቢላውን ከሻንጣው አውጥታ ወደ ጓሮ ሄደች። ስለቱን የሲሚንቶው ደረጃ ላይ ተክላ ፈተገችው። ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ ነበረው። ከመታጠቢያው የሚመጣው ፉጨት ሲቆም ታቆማለች፣ ሲቀጥል ትቀጥላለች። በመጨረሻ ኩሽና ገብታ ባሮ ሽንኩርት ላይ ሞከረችው። ሽንኩርቱ ጎበጠ እንጂ አልተቆረጠም።

ቢላውን ወደ አፎቱ መለሰችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አላት። መጠየቅም አላስፈለጋትም።

ቅዳሜ ጠዋት አባቷ የእናቷ ፎቶ ፊት መንደሪን አስቀምጦ እጆቹን ገጥሞ ቆመ። «በቃ ልሄድ ነው» አላት ለፎቶው። ቺሆ ብርድ ልብሷን ተከናንባ የተኛች አስመሰለች።

እሁድ እመለሳለሁ ብሎ ነበር። አልተመለሰም። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲጥል ዋለ፣ ሲጥል አደረ።

ሰኞ ጠዋት ቺሆ ቲቸር ኢጋራሺ ጋ ሮጣ አባቷ የሄደበትን ቦታ ነገረቻቸው። ነፍስ አድኖቹ እኩለ ቀን ላይ ከግድቡ ማዶ አገኙት። ቲቸር በመኪናቸው ሆስፒታል ይዘዋት ሄዱ።

ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ ቺሆ ሁሉንም አወጣችው።

«ቲቸር፣ አባቴ የሄደው ሊመለስ አልነበረም። አውቄ ነበር። ለዛ ነው ቢላውን ያደነዝኩት።»

ቲቸር ኢጋራሺ እቅፍ አደረጓት። «ታዲያ ያተረፍሽው አንቺ ነሽ! ሰማሽ? አንቺ ነሽ!»

በሩ ተከፈተና ሐኪሙ ወጣ።

«ይተርፋል» አለ።

ቺሆ አለቀሰች። ቲቸርም አለቀሱ።

«ቁርጭምጭሚቱ ወልቆ መውረድ አቅቶት ነው፤ ብርዱ ነው የጎዳው» አለ ሐኪሙ። «አንድ ያልገባኝ ነገር ግን አለ። የፊት ጥርሶቹ ተሰባብረዋል፣ አፉ ሙሉ የዛፍ ልጥ ነው። አዲስ ቢላ ወገቡ ላይ ታጥቆ፣ ሰው ለምን እንጨት በጥርሱ ይልጣል?»