የአቶ ድንበሩ ምርቃት

ሰው በሕይወቱ ያልኖረውን ቃል ጉሮሮው አላወጣ ካለው ሰባት ዓመቱ ነው። የሰፈሩ ቄስ ስብከታቸውን በሦስት ደቂቃ ይጨርሳሉ። "እግዜር ይመስገን" የሚል ሁሉ፣ እሳቸውም ጭምር፣ የሚሰማላቸው "ይመስገን" ብቻ ነው።

አቶ ድንበሩ ግን ድሮ ለምርቃት ከአገር አገር የሚጠሩ ሽማግሌ ነበሩና፣ በልጅ ልጃቸው ሠርግ ላይ እንዴት እምቢ ይበሉ? ተነሡ። "ሺህ ዓመት ኑሩ" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ የለም። "ሀብት በሀብት ሁኑ" ሊሉ ሞከሩ፤ እሱም የለም። ሙሽራዋ ሳቋን በቬሏ አፈነች።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ያለምወርቅ በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው። "አንተ ሰውዬ፣ የምታውቀውን ተናገር!"

"ተኳርፋችሁ ታረቁ!" ብለው አቶ ድንበሩ አምባረቁ።

"አሜን!"

"ያረረ ሽሮ እየበላችሁ ሳቁ! አንዳችሁ ስትታመሙ ሌላችሁ እግር እጠቡ!"

"አሜን! አሜን!" እልልታው ቀለጠ። አቶ ድንበሩ እየዘለሉ መረቁ።

ላብ በላብ ሆነው ሲቀመጡ ያለምወርቅ በነጠላቸው ጫፍ ግንባራቸውን ጠረጉላቸው።

"እግዜር ይስጥሽ" አሉ፣ እንደ ልማዳቸው፣ የስሙ ድምፅ እንደማይወጣ እያወቁ።

አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አያቸው። ስሙን ሁሉም ሰምቷል።

ቄሱ ወንበራቸውን ገፍተው ብድግ አሉ። "እባክዎን አቶ ድንበሩ፣" አሉ፣ "አንዴ ይድገሟት።"