የዘንዘልማው ግቢ የገና መብራት

ዘንዘልማ ካሉት አዳዲስ የማኅበር ቤቶች በአንዱ፣ የገናው መብራት ለሦስተኛ ጊዜ ጠፋ።

እናትዓለም ከሥራ ስትመለስ ያየችው ባጃጁ ከአስፋልቱ እንደታጠፈ ነበር። ጎረቤት ያለው ሕንፃ ይበራል። ሱቁም ይበራል። የእነሱ ግቢ ብቻ ጨልሟል።

«አሁንስ በዛ!» ብላ ጮኸች። ባጃጅ ነጂው እሱን የተናገረችው መስሎት ፍሬን ያዘ።

መብራቱን ከአዲስ አበባ ገዝታ ያመጣችው እሷ ናት። ባለፈው ዓመት አራት ተራ አምፖል ሰቅለው ነበር ገናን ያከበሩት። የዘንድሮው ከጣሪያው እስከ አጥሩ በር የሚወርድ፣ ቀይና ሰማያዊ ብልጭ ድርግም የሚል ነው።

በግቢው አሥራ ስድስት ቤተሰብ ይኖራል። ከወሎ፣ ከወላይታ፣ ከአዳማ፣ ከነቀምት መጥቶ በፋብሪካና በኮሌጅ የሚሠራ ሰው ነው። መንገዱ ከከፋ ወዲህ ለዓመት በዓል አገሩ የሚገባ የለም። ስለዚህ በገና ዕለት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ሁሉም የየአገሩን ምግብ ይዞ ግቢው መሀል ይሰበሰባል። ወላይታዎቹ ቆጮና የሚያቃጥል ዳጣ ያመጣሉ፤ ሙስሊሞቹ ራሳቸው ያረዱትን ሥጋ። እናትዓለም የአዳማ ልጅ ናት። ዓመቱን ሙሉ የምትጠብቀው ያችን ምሽት ነው።

መብራቱ የሚሰካበት ሶኬት ያለው ከደረጃው ሥር ነው። እዚያ ያለው በር ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ የመርጌታ ሣህሉ።

መርጌታ ሣህሉ በደቅ ደሴት ቅኔ ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው ሲደክም ወደ ከተማ መጥተው አንዲት ክፍል ተከራዩ። መብራቱ በተሰቀለ በሳምንቱ፣ በግቢው ስብሰባ ላይ፣ እጃቸውን አነሱ።

«መብራቱ ይኑር። ብልጭ ድርግም ማለቱ ግን ይቅር። ዝም ብሎ ይብራ።»

«ለምን?» አለች እናትዓለም።

መርጌታ እጃቸውን አወረዱ።

«እርስዎ ገናን በቅዳሴ ያክብሩ፤ እኛ ደግሞ በዚህ እናክብረው። ምን ቸገርዎት?»

መርጌታ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ክፍላቸው ገቡ። መብራቱ መጥፋት የጀመረው በማግስቱ ነው።

እናትዓለም ደረጃውን እየዘለለች ቤቷ ገባች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጇ ማኅሌት መጋረጃውን ዘግታ ተቀምጣለች። ቅንድቧ ላይ ያለው እብጠት ገና አልጎደለም። ደረጃው አንሸራትቶኝ ነው ብላ ነበር።

«ዛሬም ነቀሉት አይደል? እዚህ ተቀምጠሽ ምንም አላየሽም?»

ማኅሌት መጽሐፏን ገለጠች። እናቷ ስትቆጣ ድምፅ ማሰማት ከተወች ቆይታለች።

እናትዓለም ቦርሳዋን ወርውራ ተመልሳ ወረደች። የመርጌታን በር በመዳፏ ደበደበችው።

«መብራቱን ማን ነቀለው?»

መርጌታ በሩን ከፈቱ።

«በእኔ ይሁን፣ ልጄ።»

«እንኳን አመኑ!»

በዚያው ምሽት ወረቀት ይዛ ቤት ለቤት ዞረች። ወረቀቱ መርጌታ ሣህሉ ክፍሉን እንዲለቁ ይጠይቃል። ክንዱ የሚባለው የግቢው ሊቀመንበር ብዕሩን ይዞ አመነታ።

«ሽማግሌ ናቸው እኮ። ምናለ በዓሉ ቢያልፍ?»

«በዓሉን እኮ ነው ያጠፉብን!»

ክንዱ ፈረመ። አሥራ አራት ቤተሰብ ፈረመ።

በገና ዕለት አመሻሹ ላይ ጠረጴዛዎቹ ተደረደሩ፤ ምግቡ ቀረበ። መብራቱ ግን አልበራም። እናትዓለም መጀመሪያ የመርጌታ ጉዳይ ይለቅ ብላለች። መርጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ክንዱ ዓይናቸውን ሳያይ ወረቀቱን አነበበ።

«የሚሉት ነገር ካለ…»

«የለኝም። የተፈረመውን ሰምቻለሁ። ነገ በጀልባ ወደ ደሴቱ እሻገራለሁ።»

ቁጣቸውን ብታይ ይሻላት ነበር። እርጋታቸው ደሟን አፈላው።

«አንተ!» አለች እናትዓለም።

መርጌታን አንተ ብሎ የጠራቸው ሰው ኖሮ አያውቅም።

«ከሌላ አገር የመጣን ሰዎች ስንስቅ ማየት ነው ያንገበገበህ! በዓመት አንድ ቀን ተሰብስበን ብንበላ ምን አደረግንህ?»

«እሱስ አይደለም፣ ልጄ።»

«ታዲያ ምንድን ነው? ተናገር!»

እናትዓለም ልጇን በዓይኗ ፈለገቻት። ማኅሌት ከሰው ሁሉ ኋላ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆማለች።

«ነይ! አንቺ አብሪው። ፊቱ ላይ አብሪው!»

ክንዷን ጨብጣ ወደ ደረጃው ጎተተቻትና የገመዱን መሰኪያ እጇ ላይ አኖረችው። ማኅሌት ወደ መርጌታ አየች። ሽማግሌው ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ።

«ተዪው፣ ልጄ» አሉ። ለእናትየዋ ይሁን ለልጅቷ አልታወቀም።

«ምን ትጠብቂያለሽ!» አለች እናትዓለም።

ማኅሌት መሰኪያውን መሬት ላይ ጣለችው።

«የማጠፋው እኔ ነኝ፣ እማዬ፤ ሲብለጨለጭ ይጥለኛል፤ ሁለት ጊዜ እዚህ ደረጃ ሥር አረፋ ደፍቄ ያነሱኝ እሳቸው ናቸው፤ ላንቺ እንዳይነግሩም በኪዳነ ምሕረት ያስማልኋቸው እኔ ነኝ።»