የእቃ ቤቱ በር ሲጢጥታ

አባዬ በሩን ዘይት ቀብቶታል።

ማይኩን ከመኪናዬ አውጥቼ እስክመለስ አምስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ስንት ዓመት ሲጢጥ ሲል የኖረው የእቃ ቤት በር አሁን ስገፋው ኮሽ ሳይል ይከፈታል። አባዬ የዘይቱን ጣሳ በግራ እጁ ይዞ ፈገግ ይላል። ቀኝ እጁ እንደ ልማዱ ኪሱ ውስጥ ነው።

"አባዬ! ምን ነካህ? ሲጮህ ልቅዳው ነው እኮ ያልኩህ!"

"ፊልም ላይ ሰው ሊሰማው አይደል? አርባ ዓመት በር ስሠራ ኖሬ፣ በስተርጅና 'የአናጢው በር ይጮሃል' ልባል?"

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ ይመጣል። ሥራዬ ለፊልም ድምፅ ማቀናበር ነው፤ አሁን የያዝኩት ደግሞ የአንድ አስፈሪ ፊልም አጭር ማስተዋወቂያ፣ ትሬይለር ነው። ዳይሬክተሩ ሁለቴ መልሶብኛል። ትናንትማ "ሚስቴ ድንች እየላጠች አየችው፤ መላጧን እንኳ አላቆመችም" አለኝ። ዛሬ እስከ አስር ሰዓት ካላስፈራሁለት ሥራውን ለሌላ ሰው ይሰጣል።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ሙዚቃው ቀስ በቀስ ያድግና ድንገት ቀጥ ይላል፤ በዝምታው ውስጥ አንድ በር ይከፈታል። ጩኸቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ግን የሚፈራው ጩኸቱን አይደለም፣ በሩን ነው። ኮምፒውተሬ ውስጥ ያሉትን በሮች አንድ ባንድ ሞክሬያቸዋለሁ፤ አንዳቸውም አያስፈሩም።

"በይ አትኮሳተሪ" ይላል ፊቴን አይቶ። "ዝም ያሰኘሁትን ማስጮህ ያቅተኛል? በር በከንቱ አይጮህም።"

ዘይቱን በጨርቅ ጠርጎ ያደርቀዋል። ጠመኔ ፈጭቶ ማጠፊያው ላይ ይነሰንሳል። ካቻቢቴውን ለእኔ ይሰጠኝና የላይኛውን ብሎን አንድ ዙር እንዳላላ ያዘኛል። "ኧረ ቀስ! ብሎን ነው እንጂ የጠላት አንገት አይደለም።"

ሄድፎኔን አጠልቃለሁ። አባዬ በግራ እጁ ይከፍታል። ሲጢጢጢጥ። ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ የሆነ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ነው። ችግሩም እሱ ነው፤ በሩ ይጮሃል እንጂ የሚከፍተው ሰው ያለ አይመስልም። እኔም ብከፍተው ያው ነው።

በአምስተኛው ሙከራ ነፋስ በሩን ከእጁ ያስመልጠዋል። አባዬ ሳያስበው በቀኙ ይይዘዋል።

ሲጥ። ሲጥ፣ ሲጥ... ዝም። ከዚያ አንድ ቀጭን ሲጢጥ፣ እንደገና ዝም። አንድ ሰው ከበሩ ጀርባ ሆኖ ልግባ አልግባ እያለ የሚያመነታ ይመስላል። ጠጉሬ ይቆማል።

"ኤጭ፣ አበላሸሁብሽ!" የአባዬ ድምፅ ቅጂው ላይ ይገባል፤ ልጠቀምበት አልችልም። ቀኝ እጁን ቶሎ ብሎ ኪሱ ይከታል።

መንቀጥቀጥ ከጀመረው ሁለት ዓመቱ ነው። ያኔ መሮውንና መላጊያውን ሰብስቦ እዚሁ እቃ ቤት አስገባቸው፤ ከዚያ ወዲህ የአናጢነት ሥራ ነክቶ አያውቅም። እማዬ ብርጭቆውን ግማሽ ድረስ ብቻ ትሞላለታለች። ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ ማናችንም አናነሳውም።

በግራው የከፈተበትን ወጥ ድምፅ ኮምፒውተር ላይ ቆራርጬ ላስመስለው ብዬ አስባለሁ። ግን የሰማሁትን ሰምቻለሁ፤ ራሴን ላታልል አልችልም። ሰዓቴን አያለሁ፤ ዘጠኝ ሊሆን ነው።

"አባዬ" እላለሁ። "በቀኝህ ክፈተው።"

ዓይኑን ወደ ኪሱ ያወርዳል።

"ቀኜ እኮ..."

"አውቃለሁ። እሱን ነው የምፈልገው።"

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቤተሰቡ ተጠንቅቆ የሸፈነውን ለአንድ ትሬይለር ብዬ ገለጥኩት። አባዬ ግን አይቆጣም። በሩን ያያል፣ እኔን ያያል።

"ድምፁ ያስፈራል?"

"በጣም።"

"እኔንም ያስፈራኛል" ይላል። "ጠዋት ጠዋት ገና ሳልነሳ እጄን አየዋለሁ። ዛሬስ መንቀጥቀጡ ትቶኝ ይሆን እላለሁ።"

ሄድፎኑን ወደ አንገቴ አውርጄ አጠገቡ እቆማለሁ፤ ትከሻችን ይነካካል። እሱ ራሱ በክርኑ ገፋ ያደርገኛል። "በይ ዞር በይ፣ ሥራ ነው።"

ሄድፎኔን መልሼ አጠልቃለሁ። እሱም ቀኝ እጁን አውጥቶ እጀታው ላይ ያሳርፋል። አይደብቀውም፣ ለማረጋጋትም አይታገለውም፤ እንደፈለገ እንዲሆን ይተወዋል። በሩ ይንገራገጫል፣ ይቆማል፣ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ እንደገና ይሞክራል። እስኪያልቅ ድረስ እኔም አልተነፍስም።

"እህ?" ይላል አባዬ። ዓይኑ አሁን ማጠፊያው ላይ ነው፤ ከንፈሩን ነክሶ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይመረምረዋል። በር እንዲህ ሲያይ ካየሁት ሁለት ዓመት ሆኖኛል። "የታችኛውን ትንሽ ብናጠብቀው ደግሞ ወፈር ይላል። ምን ትያለሽ? ሆነልሽ?"

ሆኗል። ከዚህ የተሻለ አይገኝም፤ ለዳይሬክተሩ ለመላክም ጊዜው እየሄደ ነው።

"አልሆነም አባዬ" እላለሁ። "ድገመው።"