ቀዩ ኩላንት

ዴርሞት ጠዋት ከፖርት ኦገስታ ተነስቶ ሦስት ሰዓት እንደነዳ ሞተሩ ጋለበትና ኩላንት የሚባለውን የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ፍለጋ በረሃው መሀል ያለችው ብቸኛ ማደያ ገባ። የማደያውን ጋራዥ የያዘችው ኖሊን ገና ከመኪናው ሳይወርድ ፊቷን አጠቆረችበት።

“ደግሞ መጣህ?” አለችው።

“ሴትዮ፣ እዚህ ስመጣ የመጀመሪያዬ ነው። ቀዩን ኩላንት ስጪኝ።”

“ያንተ መኪና የሚወስደው አረንጓዴውን ነው። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ፈሳሹ ይረጋል፣ ራዲያተሩን ይደፍነዋል አላልኩህም?”

“ስለ መኪናዬ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?”

“ምን በወጣኝ። ፈርምልኝና የፈለግከውን ጨምር።”

በዚያ መንገድ ያሉ ጋራዦች ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። በረሃ ላይ መኪናው የቆመበት ሰው ኋላ ተመልሶ እንዳይወቅሳቸው፣ የጨመረውን ኩላንት ከነቀኑና ከነፊርማው በገዛ እጁ ኮፈኑ ውስጥ በነጭ ቀለም ያስጽፉታል።

ዴርሞት እየተሳደበ ኮፈኑን ከፈተ። የኩላንቱ ዕቃ ውስጥ ያለው ጭቃ መስሎ ረግቷል። ኮፈኑ ላይ ከውስጥ በኩል ዘጠኝ መስመር ተጽፏል። ዘጠኙም “ቀይ” ይላሉ፣ ዘጠኙም ላይ ያለው የዛሬ ቀን ነው፣ የዘጠኙም ፊርማ የራሱ ነው።

“አንቺ ነሽ የጻፍሽው” አላት።

ኖሊን የቀለሙን ብዕር ዘረጋችለት።

ሊነጥቃት እጁን ሲሰነዝር፣ አውራ ጣቱ ላይ ገና ያልደረቀ ነጭ ቀለም አየ።